በሕመም ምክንያት

አሁን ለዚች ልጅ ምን ብለው ይመልሱላት?

«እማማ፣ የአባዬን የሕይወት ታሪክ ማን ነው የለወጠው?» ብላ የልጅ ልጃቸው ደሳለች ከጠየቀቻቸው ቆይቷል። እማማ ሠርካዲስ ለንፍሮ የሚሆን ባቄላ በሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የተለቀመውን መልሰው ይለቅማሉ። ልጃቸው አድነው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ግቢው ውስጥ የተጣለው ድንኳን አልፈረሰም፤ የጉለሌ ሰው ከላይም ከታችም ለቅሶ እየደረሰ ነው።

«እንጃ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አንባቢው ይሆናላ። ዓይኑ ደክሞት ዘሎት ይሆናል።»

«አልዘለለውም እኮ እማማ! እኔ ያልጻፍኩትን ነው ያነበበው።»

እውነቷን ነው። እናቷ መሠረት ብዕር የምታነሣበት አቅም ስላልነበራት፣ የሃያ ዓመቷ ደሳለች ናት የአባቷን ታሪክ አራት ገጽ አድርጋ የጻፈችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ «በ1972 ዓ.ም. ቤትህ ሰው ሰብስበህ ጸልየሃል ተብሎ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። እምነቴን ትቻለሁ ብለህ ፈርምና ውጣ ሲሉት አልፈረመም» የሚል ነበር። መቃብሩ ላይ የተነበበው ግን ሌላ ነው፦ «በ1972 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ለአሥራ አንድ ወር ከሥራው ተለይቶ ነበር።»

አብረውት የታሰሩት ሰዎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ያን ቃል ሲሰሙ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ሠርካዲስ አይተዋቸዋል። መሬት ያን ጊዜ ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን እሳቸውንም በዋጠቻቸው!

ምክንያቱም ሕመሙ የእሳቸው ፈጠራ ነው። አድነው ታስሮ ስንቅ በሚያመላልሱበት ጊዜ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሰው አቁሞ «ልጅዎ ምነው ጠፋ?» ሲላቸው «ኩላሊቱን አሞት ሆስፒታል ተኝቷል» ይሉ ነበር። ሲፈታ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማረህ» ብሎት ገባ። አድነው እናቱን አየት አደረገና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። አላሳጣቸውም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደሳለች ወረቀቱን «ጋሽ ዋቅቶላ ሲመጣ ስጪልኝ» ብላ እጃቸው ላይ አኖረችው። እማማ ሠርካዲስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ዘልቀዋልና አነበቡት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መልሰው አነበቡት። ቀብሩ ላይ የቀበሌ ሰዎች ይቆማሉ። ደሳለች ደግሞ አባቷ ይሠራበት በነበረው የአውሮፕላን ጥገና ክፍል ለመቀጠር አመልክታ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እየጠበቀች ነው። አንዱን ዛሬ እቀብራለሁ፤ ሌላዋን በእጄ ልስጥ?

ዋቅቶላን በር ላይ ጠብቀው ያዙት። ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚሸጥ፣ የቤት ጸሎታቸው ሽማግሌ ነው፤ ታሪኩን መቃብሩ ላይ የሚያነበውም እሱ ነው።

«ዋቅቶላ ልጄ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ታሞ ነበር በልልኝ።»

ዋቅቶላ አነበበው። «እትዬ፣ እኔም እኮ አብሬው ነበርኩ። አንድ ፍራሽ ላይ ነው የተኛነው። እኔም ታምሜ ነበር ልበል?»

«አድነው ይሙት! ልጅቷን እንዳታስበላብኝ!»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ሁለቱም ደነገጡ። የዕድሜ ልክ መሐላቸው ነው፤ ለሽንኩርት ሻጭ ሳይቀር ይምሉበታል። አድነውም «እማዬ፣ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንቴ ትገድይኛለሽ?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። አሁን ሬሳው ቤት ውስጥ ተኝቶ በሞቱ ማሉ! ዋቅቶላ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እሺ» አለ። «ለደሳለች ግን እርስዎ ይንገሯት። ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ሦስት ቀን ሙሉ አልነገሯትም። ይባስ ብለው ዛሬ «አንባቢው ይሆናላ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሎን ተቀምጦ ስለ አድነው ይጨዋወታል።

«ሬዲዮኔን ሠራልኝ እንጂ!» አለች ጎረቤታቸው ረሂማ። «ከዚያ ወዲህ ስከፍተው ሊበር ነው የሚያጓራው። 'አድነው፣ ይሄ ነገር ጣሪያዬን በስቶ እንዳይሄድ' ስለው፣ 'ቀበቶሽን እሰሪ' ይለኛል!»

መሠረት እንኳ ፈገግ አለች። እሷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጆቹን አጥቦና አብልቶ ትምህርት ቤት የሚያደርስ እሱ ነበር።

«ጸጉሬን ሲጎነጉንልኝ ሽቦ የሚያስር ነው የሚመስለው፤ ዓይኔ እስኪፈጥ!» አለች ደሳለች። «መምህሬ 'ማን ነው የሠራሽ?' አለችኝ። 'አባቴ' አልኳት። 'ምንድን ነው ሥራው?' 'አውሮፕላን!'»

ሳቁ ሲበርድ ዓምሃ የሚባለው የአድነው የሥራ ባልደረባ ቀጠለ። «እሱ አንዲት ብሎን በዓይኑ ሳያይ አይፈርምም ነበር። አለቃ 'መንገደኛ እየጠበቀ ነው፣ ፈርም' ሲለው፣ 'እዚህ ውስጥ የሰው አባት ይቀመጣል' ብሎ ተመልሶ ክንፉ ሥር ይገባል።»

«እዚያም አልፈረመም» አለች ደሳለች። ፊቷ ተለወጠ። «ግን ማን ነገረለት?»

ዋቅቶላ የገባው በዚህ መካከል ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ገና አልተቀመጠም።

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ እስሩን ሕመም ያደረገው ማን ነው?»

ዋቅቶላ ዞር ብሎ እማማ ሠርካዲስን አያቸው። አልቸኮለም፤ ጠበቃቸው።

እማማ ሠርካዲስ አፋቸውን ከፈቱ። «እ... ደሳለች፣ ለጋሼሽ ወንበር...»

«ወንበሩ ይቆየው፣ እማማ!» ወደ ዋቅቶላ ዞረች። «ፈርተው ነው አይደል? ምን እንዳይቀርብዎት? ጋቢ እኮ ነው የሚሸጡት! ጋቢ ለመሸጥ አባቴን በሽተኛ ማድረግ ነበረብዎት? እሱ አሥራ አንድ ወር እንቢ ያለውን እርስዎ በአንድ አፍታ ፈረሙለት!»

«ኧረ ልጄ፣ ታላቅሽ ነው!» አለች ረሂማ።

ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ እኔ ነኝ። እማማ ሠርካዲስ ምላሳቸው ላይ ሲመጣ ተሰማቸው። ከዚያ የደሳለችን ዓይን አዩ። ይህ ዓይን ወደ እሳቸው ቢዞርስ? በኋላ ለብቻዋ እነግራታለሁ አሉ በልባቸው፤ እንደማይነግሯትም እዚያው አወቁት። ቃሉን ዋጡት።

ዋቅቶላ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ እጥፋቱን አቃንቶ ደሳለች ፊት አኖረው። ባርኔጣውን አነሣ። በእማማ ሠርካዲስ ፊት ሲያልፍ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም፤ ጫማውን ብቻ አዩ። ጫማው ደፍ ላይ ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ።