የጋሻው እጅ

አድማሱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቁምጣ ለበሰ። ሌላ ሚስት አገባ ቢባል እንኳ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ይህን ያህል ባልተወራ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በነጭ ጋዋን መርፌ ሲወጋ የኖረ ነርስ ነው፤ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። ያ ሰው አንድ ማለዳ በካኪ ሸሚዝና በካኪ ቁምጣ ዋናውን መንገድ ሲያቋርጥ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ደጅ ወጣ። ሚስቱ ማንአለሽ በሩ ላይ ቆማ ትሸኘው ነበር። «እንግዲህ ቅልጥምህን አገር ይየው» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

አድማሱ ግን አልሳቀም። ነገሩ ለእርሱ የቆየ ጉዳይ ነበር።

በልጅነቱ ደብረ ታቦር ሲማር ስካውት ነበር። ነበር ከማለት ሊሆን ነበር ማለት ይሻላል። ገመድ መቋጠር፣ ድንኳን መትከል፣ የተሰበረ እጅ ማሰር ተማረ፤ ነርስነቱም ከዚያ የመጣ ነው ይላል። ቃል የሚገባበት ቀን ተቆረጠ። አንድ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ ቃል ካልገባ ስካውት አይባልም፤ የአንገት ጨርቁንም አያስርም። እናቱ አረንጓዴ ጨርቅ ከገበያ ገዝታ፣ ጠርዙን በእጇ ቀምቅማ ላከችለት። ቀኑ ሳይደርስ አብዮቱ ደረሰ። ስካውት የንጉሡ ነው ተባለና ተበተነ፤ አድማሱም ጨርቁን አጣጥፎ ወደ አገሩ እስቴ ተመለሰ። እናቱ «ወዲያ፣ ነገር ያመጣብሃል» ብላ ተቀበለችውና የቅቤ ቅል መክደኛ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ አገባ፣ ወለደ፣ ዳረ። ስንቱን አዋለደ፣ ስንቱን አከመ። ያን ሳይገባ የቀረውን ቃል ግን ከሆዱ አላወጣውም። ልጆቹ ሲመረቁ በተደሰተ ቁጥር ውስጥ ውስጡን «እኔ ግን ሳልመረቅ ቀረሁ» የሚል ነገር ይመጣበት ነበር፤ ለማንአለሽ ብቻ ነግሯታል።

ዘንድሮ ቤዛዊት የምትባል ወጣት የሲቪክስ መምህርት ባሕር ዳር አጭር ሥልጠና ወስዳ መጣችና በትምህርት ቤቱ የስካውት ክበብ ልታቋቁም እንደሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተናገረች። የሚረዳት ትልቅ ሰው እንደምትፈልግ ገና ተናግራ ሳትጨርስ አድማሱ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹም ወደዱት። «ጋሼ አድማሱ» እያሉ ይከተሉታል፤ ቋጠሮውን፣ ሰልፉን፣ ሰላምታውን አስጠናቸው። የቃል መግቢያው ቀን ለቅዳሜ ተቆረጠ። አድማሱም ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ ቃሉን ሊገባ ነው። ማንአለሽ ስቃ ስታበቃ አረንጓዴ ጨርቅ ገዝታ መቀምቀም ጀመረች።

ችግሩ የመጣው ከሰላምታው ነው።

ከቅዳሜው በፊት በነበረው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰላም ሲባባል፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ተምረው የተመሰከረላቸው ሊቅ ናቸው፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም እርሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ኢየሩሳሌም ወደ እርሳቸው መጣች። ጉልበታቸውን ልትስም ነው ብለው ሲጠብቁ ቀጥ ብላ ቆመችና ግራ እጇን ዘረጋችላቸው።

በአገሩ ደንብ ግራ እጅ ምን ምን እንደሚሠራበት የማያውቅ የለም። ግራኝ ሆኖ የተፈጠረው እንኳ ሰላም የሚለው በቀኙ ነው። ቀኙ ሊጥ ወይም ጭቃ የነካው ሰው ክንዱን ያስጨብጣል እንጂ ግራውን አይሰጥም። መሪጌታ ሊባርኳት የዘረጉትን እጅ ወደ ጋቢያቸው መለሱ። ዞር ቢሉ ሌሎቹም ልጆች ያገኙትን ሽማግሌ ሁሉ በግራ እየጨበጡ ነው። አንዱ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ክው ብለው ቀርተዋል።

በማግስቱ አድማሱ ተጠራ። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ለምን በግራ?» አሉት።

«መሪጌታ፣ የዓለም ስካውት ሁሉ ሰላምታው እንዲህ ነው።»

«የዓለሙን አልጠየቅኩህም። ለምን ነው ያልኩህ?»

አድማሱ በልጅነቱ ለልምምድ በግራ ጨብጥ ተባለ፣ ጨበጠ። ለምን ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅም ነገራቸው።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤተ ልሔም ሳሉ ዜማው ላይ ያለው ምልክት ለምን እንደተቀመጠ ሳያውቅ ድምፁን ብቻ የሚያሳምር ተማሪ እንደነበረ፣ መምህሩም ሰምተው ሰምተው «ሂድና አውቀህ ተመለስ» እንዳሉት ነገሩት። ያ ተማሪ እርሳቸው ነበሩ። ቀጠሉና «እኛ በቀኝህ አቁመን እያልን እንጸልያለን፤ አንተ የልጅ ልጄን በግራ አቆምካት። እስከ ቅዳሜ ምክንያቱን ይዘህ ና። ካጣህለት ግን ክበቡ እንዲዘጋ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ» አሉት።

አድማሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቁምጣው ከበደው። ሌላው ቢቀር በልጆቹ ፊት ማፈሩን ይችለው ነበር። ቃሉ ለሁለተኛ ጊዜ ከእጁ ሊያመልጥ መሆኑን ግን አልቻለውም፤ ሦስተኛ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ ዕድሜው ይነግረዋል። ቤዛዊትን ጠየቃት። ሥልጠና ላይ «በግራ ነው» ተብለው ጨብጠው ወደ ሻይ እረፍት መሄዳቸውን አፍራ ነገረችው። በስልኳ እንዳትፈልግ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል።

በዚህ መካከል ሀብቴ ትዝ አለው።

ሀብቴ ደብረ ታቦር ላይ የቡድን መሪያቸው ነበር። አብዮቱ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ቃል የገባ ነው። ኋላ በስማዳ ወረዳ ዳኛ ሆኖ በወረዳው ከተማ በወገዳ ጡረታ ወጥቷል። አልፎ አልፎ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለ ስካውት ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። አድማሱ ሐሙስ በጠዋት ወደ ወገዳ በሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈረ፤ ልብሱንም አልቀየረም። መንገዱ ወገቡን አንገጫገጨው፣ አቧራው ቅንድቡን አነጣው፣ ሾፌሩም ስለ ቁምጣው እየጠየቀ አሰለቸው።

ሀብቴን ሁለት እጁን ሞልቶ የአጥር እንጨት ተሸክሞ ደጁ ላይ አገኘው። አድማሱ ምንም ሳይናገር ግራ እጁን ዘረጋ።

«ቀኝህን ምን ነካው?» አለ ሀብቴ። ቀጥሎ ሸሚዙን አየ፤ ቁምጣውን አየ። እንጨቱ ከእጁ ተንሸራተተ። መዳፉን በሱሪው ጠረገና ግራ እጁን ሰጠው፤ ከሰጠው በኋላም አለቀቀውም።

ቤት ገብተው ሲቀመጡ አድማሱ የመጣበትን ተናገረ። ሀብቴ እንደ ዳኝነቱ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ «አንተ እንዴት ልታውቀው ትችላለህ» አለ። ምክንያቱ የሚነገረው ልጁ ቃል በገባ ዕለት ነበር፤ መምህራቸው አስቀድሞ አይናገርም። በምዕራብ አፍሪካ ጦረኛ የሆነ ሕዝብ ነበር ይባላል። ጦር በቀኝ ይያዛል፣ ጋሻ በግራ። ቀኙን የሚሰጥህ ሰው ጦሩን ቢያስቀምጥ ጋሻው ገና አብሮት ነው። ግራውን ሊሰጥህ ግን ጋሻውን ማውረድ አለበት፤ ያን ጊዜ ደረቱ ባዶ ነው፣ አምኖሃል ማለት ነው። ስለዚህ ግራ እጅ ቃል በገቡት መካከል ብቻ የሚሰጥ ነው። ታላቅ ሰው እንደ አገሩ ደንብ ይከበራል።

አድማሱ ራሱን ያዘ። «እኔ ላገሩ ሽማግሌ ሁሉ አደልኩት!»

«ያውም ቃል ሳይገቡ» አለ ሀብቴ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ አድማሱ ቅዳሜ አብሮት እንዲመጣ ለመነው፤ ቃሉን የሚቀበለው አስቀድሞ ቃል የገባ ሰው መሆን አለበት፣ ቤዛዊትም ገና አልገባችም። ሀብቴ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ አቁመውኝ ስካውት አይደለሁም ብያለሁ፣ አድማሱ። በአፌ ክጃለሁ።»

«ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ ይዘኸዋል» አለው አድማሱ። ዓርብ ጠዋት አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞላ። ኮሚቴው ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ተሰልፈው ጨርቃቸውን አጣጥፈው በእጃቸው ይዘዋል። አድማሱ መሐል ገብቶ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ የልጆቹ እንዳልሆነ፣ ያስተማራቸው ግማሹን ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ግማሽ እርሱ ራሱም እንዳላወቀው አልደበቀም። ከዚያ የጦሩንና የጋሻውን ነገር ተረከ። መሪጌታ የተማሪ ዜማ እንደሚሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡት።

«ይህን ማን ነገረህ?» አሉ ሲጨርስ።

«ይህ ሰው ነው። ቃል የገባ እርሱ ነው፤ እኔ ገና ነኝ» አለ አድማሱ ወደ ሀብቴ እያመለከተ።

«ገና? ሳትገባ ነው እንዴ ስታስተምር የከረምክ?» ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አድማሱ ሊገባ የነበረው ዛሬ እንደነበረ ቤዛዊት ተነሥታ አስረዳች። መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንግዲያማ ይግባና እንስማው። ቃሉን ሳልሰማ እጄን ለየትኛውም አላወጣም።»

ሀብቴ ኮቱን ቆልፎ ፊት ለፊቱ ቆመ። አድማሱ የቀኝ እጁን ሦስት ጣት አነሣ። በክብሬ ቃል እገባለሁ ብሎ ጀመረ። ለእግዚአብሔርና ለሀገሬ ያለብኝን ልፈጽም፣ ሰውን ሁልጊዜ ልረዳ፣ የስካውትን ሕግ ልጠብቅ፣ የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። አንዲት ቃል አልሳተም። በልጅነቱ ያጠናው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ማንም ሳይሰማው ሲያነበንበው ኖሯል፤ ዛሬ ሰው ሰማው። ማንአለሽ ከሕዝቡ መሐል ወጥታ አረንጓዴውን ጨርቅ ለሀብቴ ሰጠችው፤ ሀብቴም በአድማሱ አንገት ላይ አሰረለት። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራ እጃቸው ተጨባበጡ። አድማሱ ከደስታ ብዛት ምንም ሳይደብቅ አለቀሰ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ቀኝ እጃቸው ላይ ተከለ፤ ከወጣ ክበቡ አለቀለት። ቀኝ እጃቸው አልተነሣም። በግራቸው ይዘውት የነበረውን መቋሚያ በእርጋታ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ያለ እርሱ ለአፍታ ተንገዳገዱ፤ ሊደግፋቸው የመጣውን ሰው በዓይናቸው መለሱት። ሁለት እርምጃ መጡና ባዶ ግራ እጃቸውን ለአድማሱ ዘረጉ።

አድማሱ ደነገጠ። «መሪጌታ፣ ግራ እጅኮ ቃል ለገባ ብቻ ነው።»

«ዲቁና የተቀበልኩት አንተ ሳትወለድ ነው» አሉት። «ጨብጥ።»

ጨበጠ። እልልታውን የጀመረችው ማንአለሽ ናት፤ ከዚያ በኋላ ማን እንዳቆመው አይታወቅም።

ጋብ ሲል የልጆቹ ተራ ደረሰ። ኢየሩሳሌም ከሰልፉ ወጣች። መጀመሪያ ወደ አያቷ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ሮጣ መጥታ አድማሱ ፊት ቆመችና ሦስት ጣቷን አነሣች። አድማሱ ሀብቴን ዞር ብሎ አየው፤ ሀብቴ በአገጩ «አንተ ነህ» አለው። አረንጓዴውን ጨርቁን አስተካክሎ፣ ቅልጥሙ ለአገር እየታየ፣ የልጅቱን ቃል ተቀበለ።