የማላኪ ሄሰን መቃብር

ኪልቫርና የምትባለው የአየርላንድ መንደር ይቅርታን የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም አባ ኪልቤን የሰበኩት በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ትምህርት ቤቷ ተዘግቷል። ወጣቶቿ ለሥራ እንግሊዝ አገር ሄደው ቀርተዋል። ከሁለቱ ሱቆቿ ያንደኛው ጣራ ወርዷል። ቂሟ ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ አንድ ነገር አልጎደለበትም።

ቂሙ የወንዝ ዳሩ መስክ ነው። በአያቶች ዘመን እንግሊዛዊው ባለርስት ጭሰኞቹን ላርድነሮችን ከነልጆቻቸው ከዚያ አባርሮ ቤታቸውን አፈረሰባቸው። መንደሩም ያንን መሬት ማንም እንዳይነካው ተማማለ። መሐላውን ጥሶ ገብቶ ድንች የተከለበት ሄሰን የሚባል ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የሄሰኖች ድርቆሽ ሲደርስ ደቦ የሚወጣላቸው የለም። ቅዳሴ ላይም እነሱ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም።

እንግዲህ የዚያ ሰው ልጅ፣ ሽማግሌው ማላኪ ሄሰን፣ ሰኞ ጠዋት አረፈ። አብራው የኖረችው ልጁ ዲምፕና ናት፤ አምሳን የተሻገረች፣ ባል ያላገባች ሴት። አጥባ ገነዘችው፤ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ በሯን ወለል አድርጋ ለቀስተኛ ጠበቀች። ከአባ ኪልቤን በቀር ዝር ያለ የለም።

ለቅሶውስ ይቅር፤ ያስጨነቃት መቃብሩ ነው። በዚያ አገር መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት ነው። የሟች ዘመድ አካፋ አይነካም፤ ከነካ ዓመቱ ሳይዞር ከዚያው ቤት ሌላ ሬሳ ይወጣል ይባላል። ጎረቤት ያልቆፈረለት ሰው ደግሞ ተጣለ እንጂ ተቀበረ አይባልም። አባቷ እንዲህ ሆኖ አፈር ሲገባ ማየት አልቻለችም።

ስለዚህ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ፌስተስ ላርድነር ግቢ ሄደች። የተባረሩት ሰዎች የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ አካፋ ካነሳ ሌላውም ያነሳል፣ እሱ ካላነሳ ማን ደፍሮ! ለማገዶ የደረቀ የረግረግ አፈር ሲከምር አገኘችው። በልጅነታቸው አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«አባቴ ሞተ» አለችው።

«ደወሉን ሰምቻለሁ።»

«ሐሙስ ነው የሚቀበረው። የሚቆፍርልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ሄሰኖች መሬት እንዴት እንደሚያዝ ይጠፋችኋል?» ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «የሰው ነው ሳትሉ ገባ ማለት ነው።»

ደሟ ፈላ፤ ግን ቻለችው። መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ የመጣችውን ነገር አወጣችው።

«መስኩን ውሰደው፣ ፌስተስ። አባ ኪልቤን ባሉበት እፈርምልሃለሁ። ልጅ የለኝ፣ ወራሽ የለኝ። ውሰደውና አባቴን ቅበርልኝ።»

ፌስተስ አሁን ቀና አለ። የደነገጠ ይመስላል።

«ምን ላድርገው? ግማሹ ውሃ ተኝቶበታል።»

«የአያትህ ነው እኮ።»

«ስሚ፣ ዲምፕና። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ካቡን ተደግፎ ያንን መስክ እያየ ዘራችሁን ሲረግም ኖረ። ደስታው እሱ ነበር። የኔም እሱ ነው። ዛሬ ተቀብዬሽ ብገባ፣ ነገ መጠጥ ቤት ተቀምጠን ስለምን ልናወራ ነው? ስለ ዝናቡ?»

«አንተ ሰው አይደለህም።»

«ሂጂ፣ ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

ረቡዕ ጠዋት የአባቷን አካፋ ተሸክማ በመንደሩ መሀል አለፈች። ሲያሻቸው ይዩ! መቃብሩ ቦታ ደርሳ ሣሩን ገፈፈችና መቆፈር ጀመረች። ወንዶቹ አንድ በአንድ መጥተው አጥሩን ተደገፉ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እነሱ ፒፓቸውን ያጨሳሉ።

«የሥጋ ዘመድ ስትቆፍር!» አለ አንደኛው። «ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሬሳ ነው።»

«ከቤቱ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «ማን ይሆን ብላችሁ አትጨነቁም።»

ጉልበቷ ድረስ እንደደረሰች ድንጋይ ገጠማት። ብትነቀንቀው፣ ብትገፋው፣ እምቢ አለ። እጇ ተላጦ ደምቷል። ያኔ አለቀሰች። ኀዘን እንዳይመስላችሁ፤ እልህ ነው። ይሄኔ ከበላይዋ ድምፅ ሰማች።

«ውጪ።»

ፌስተስ ነው፤ አካፋውን ይዟል። አጥሩን ተደግፈው የነበሩትም ከኋላው ቆመዋል። ወጣችላቸው። እንዴት አድርገው ቆፈሩት! ጠርዙን አስተካክለው፣ ጥልቀቱን ጠብቀው፣ ለጳጳስ የሚቆፍሩ ነው የሚመስሉት። በማግስቱም ሬሳ ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው በገመድ ቀስ አድርገው አወረዱት፤ አፈሩን መልሰው ሣሩን አለበሱት። አንድም ሰው አልለገመም።

ለዲምፕና ከአያቶች የመጣው ነገር እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከአባቷ ጋር የተቀበረ መሰላት። የደማ እጇን በካፖርቷ ጠረገችና ዘረጋችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ፌስተስ።»

እጇን አየ። የራሱን እጅ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ይሄ ለሟች ነው» አላት። «አንቺ ገና በሕይወት አለሽ።»

የተቀሩት መሬት መሬቱን ያያሉ። ለምሳ እንኳ የሚጠራት የለም።

«የአንቺም ጊዜ ሲደርስ እንቆፍርልሻለን» አለ ፌስተስ አካፋውን ትከሻው ላይ እያደረገ። «አሳምረን ነው የምንቆፍርልሽ፤ በዚህ አታስቢ።»

ዲምፕና የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችው።

«እንግዲያው» አለችው፣ «ብዙ ትጠብቃለህ።»