አርባ አንድ ከአርባ አንድ

በሸሕዲው የሰሊጥ መጋዘን አይጥ ገመዱን ከበላችው በኋላም ሲስተሙ ራሱን የሚመረምርበትን አርባ አንዱንም ፈተና አለፈ። የትናየት የተጠራጠረችው ያን ጊዜ ነው። በጆንያዎቹ መካከል የተቀበረውን የሙቀት መለኪያ ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ገመድ ለሁለት ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ኮምፒውተሩ ግን ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ ያውም በአረንጓዴ።

የትናየት የሰሊጥ አምራቾቹ ማኅበር የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ባለሙያ ይበሏት እንጂ እስካሁን ዋና ሥራዋ የሥራ አስኪያጁን የአቶ ባህሩን ፕሪንተር ከጎረሰው ወረቀት መገላገል ነበር። ዘንድሮ ግን ማኅበሩ ዘመነ። እርጥበት ይዞ የተደረደረ ሰሊጥ ከውስጥ ይግላል፣ ከዚያም ይበላሻል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሲያይል ሳይረን የሚያስጮህ ሲስተም ከአዲስ አበባ መጣ። ማክሰኞ ይመረቃል። ሲመረቅ አያ ደሴ ይሰናበታሉ። አያ ደሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የብረት ዘንግ በጆንያዎቹ መካከል እየሰደዱ፣ አቆይተው እየመዘዙ፣ የሰሊጡን ሙቀት በመዳፋቸው ሲያውቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንጋቸው ተመርቆ አያውቅም። የስንብት ደብዳቤያቸው ግን ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ኪሳቸው ገብቷል።

የትናየት ሲስተሙን ለሠራው ለኪዳን አዲስ አበባ ደወለች።

«በእኔ ላፕቶፕ ይሠራል፤» አላት።

«እኛ ሰሊጡን አንተ ላፕቶፕ ላይ አልደረደርነውም።»

ኪዳን ስብሰባ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ጉዱን ራሷ አገኘችው። ኮምፒውተር የተጻፈለትን ትእዛዝ አንብቦ የሚያስፈጽምለት ሼል የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ሼል ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። ኪዳን ፈተናዎቹን የጻፈው ባሽ ለሚባለው ሼል ነው። ማስጀመሪያው መስመር ግን ኤስኤች በሚባለው አስኪዷቸው ይላል። በኪዳን ላፕቶፕ ኤስኤች ማለት ስሙን የቀየረ ባሽ ስለሆነ ችግር የለም። በመጋዘኑ ኮምፒውተር ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ የባሽን አነጋገር ግማሹን የማያውቅ። ሙቀቱ ከልክ አልፏል ወይ ሲባል ጥያቄው አይገባውም፤ አላውቀውም ብሎ አጉረምርሞ ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳል። ስሕተት ያልተገኘበት ሁሉ ደግሞ እንዳለፈ ይቆጠራል። ትናንት ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛም በዚህ በሱዳን ጠረፍ አሠሪው በግማሽ ዐረብኛ ሲያዝዘው ሳይገባው እሺ ይላል፤ እሱ ግን ቢያንስ ዞር ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። የኤስኤችን ማጉረምረምም ኪዳን እንዳይታይ አድርጎታል፤ ቀይ ጽሑፍ ለእንግዳ ዓይን አያምርም ብሎ።

ከሁሉ የከፋው፣ ሳይረኑን የሚያስነሣው ፕሮግራምም የሚሄደው በዚያው በኤስኤች ነው። መጋዘኑ ቢቃጠል እንኳ ጭጭ።

የትናየት ፈተናውን በባሽ አስኬደችው። ሃያ ዘጠኙ ወደቀ። ሃያ ዘጠኝ ውድቀት አይታ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ወረቀቱን ይዛ አቶ ባህሩ ቢሮ ገባች።

«ትናንት አርባ አንዱም ያልፍ ነበር፤» አሉ አቶ ባህሩ። «ዛሬ ሃያ ዘጠኙ ወደቀ። በመካከል የነካካው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን የትናንቱ ውሸት ነበር።»

«እንግዲያው ወደነበረበት መልሽው። ባነሩ ታትሟል።»

እውነትም ታትሟል። «41/41» የሚለው ቁጥር ከማኅበሩ ስም ይተልቅ ነበር።

ከቢሮው ወጥታ አያ ደሴን መጋዘኑ በር ላይ አገኘቻቸው። «አያ ደሴ፣ ማሽኑ አይሠራም። ይህን እያወቅሁ እርስዎን ማዳን አቃተኝ፤» አለችና እንባዋ መጣ።

«አንች ምን አጠፋሽ ልጄ? ይልቅ የሦስተኛው ረድፍ ጠረኑ አላማረኝም። ዝናብ ያገኘው ሰሊጥ ነው። ነገ ጠዋት ዘንጌን ሰድጀ ልየው፤ እስከ ምረቃው ድረስ ሠራተኛ አይዶለሁም እንዴ?»

ማክሰኞ ኪዳን እስከ ጎንደር በአውሮፕላን፣ እስከ ሸሕዲ በሚኒባስ መጣ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። እንግዶች ተቀመጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ኪዳን ቁልፍ ተጫነ። አርባ አንድ ከአርባ አንድ። ተጨበጨበ።

የትናየት ተነሣች። ጠዋት ገመዱን ቀጥላው ነበር። መለኪያውን ከጆንያዎቹ መካከል መዛ አመጣችና እንግዶቹ ፊት ከነበረው የሻይ ፔርሙዝ ውስጥ ከተተችው።

«ይኸ የፈላ ሻይ ነው፤ ሳይረኑ መጮህ ነበረበት፤» አለች። አልጮኸም። «ፈተናውን ድገመው።»

ኪዳን ደገመው። አርባ አንድ ከአርባ አንድ። እንግዶቹ ከመጀመሪያው አብልጠው አጨበጨቡ፤ ሻይ እንኳ የማይበግረው ሲስተም አይተው አያውቁም።

ጭብጨባው ሳያልቅ አያ ደሴ ከሦስተኛው ረድፍ መጡ። ዘንጉን በታጠፈ ወረቀት ይዘውታል።

«አቶ ባህሩ፣ እስቲ ይቀበሉኝ፤» አሉ።

አቶ ባህሩ የምረቃ ስጦታ መሰላቸው። እንደ ወጉ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወዲያው ለቀቁት፤ ዘንጉ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ። የሥራ አስኪያጁ መዳፍ ቀልቷል፤ አጨብጫቢ ጠፋ።

የትናየት ማንንም ሳታስፈቅድ ሲስተሙን በባሽ አስነሣችው። መለኪያው ገና ሻይ ውስጥ ነበርና ሳይረኑ መጋዘኑን አደበላለቀው። ኪዳን «በእኔ ላፕቶፕ...» ብሎ ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም።

ሠራተኞች ተጠርተው ሦስተኛው ረድፍ ወደ ፀሐይ ወጣ። ማስጫ ሸራ አልበቃ ሲል ባነሩን አወረዱት፤ የጋለው ሰሊጥ «41/41» ላይ ተሰጣ።

አመሻሹ ላይ አቶ ባህሩ እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። «አያ ደሴ፣ ያንን ደብዳቤ ይመልሱልኝ። በስሕተት የተጻፈ ነው።»

አያ ደሴ ዘንጉን የያዙበትን ወረቀት ዘረጉት። የሰሊጥ ዘይት ጠጥቶ ፊርማው ደብዝዟል። መልሰው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ይቆይልኝ፤» አሉ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማኅበሩ የሰጠኝ የእጅ ጓንት ይኸ ብቻ ነው።»