ጎጆ የወጣችው ልጅ

«ጋሼ ዓለሙ! ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ማን ይቀሰቅሰኛል!»

ሴትየዋ ይህን ብላ ስትጮህ በለቅሶ ቤቱ ንፍሮ ይቆረጥም የነበረው ሁሉ አፉን ገታ። ከቤተ ክርስቲያን በተዋሱት ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ የተደረደሩት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ላለመተያየት ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ቤቱ የጴንጤ ቤት ነው፤ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ ይጸለያል እንጂ እንዲህ ያለ ጩኸት አልተለመደም። ጩኸቱስ ይሁን። የሰው ባል ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት ይህች ሴት ማን ናት?

ሙሉመቤት ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀና ብላ አየቻት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። የለበሰችው ጥቁር ሱፍ ለቢሮ እንጂ ለለቅሶ የተገዛ አይመስልም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ እየተንደረደረች መጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጥሩ ጥሩ ትሸታለች። ሙሉመቤት ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐዘን ሌላ ነገር ተሰማት። ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ አስከሬኑ እንኳ አልተቀበረም። እሷ ግን ቀናች።

«ማን ልበል?» አለች።

«ሶፍያ እባላለሁ፤ ከሳን ሆዜ ነው የመጣሁት። ጋሼ ስለ እኔ ነግረውዎት አያውቁም?»

«የለም፤ ጋሼሽ አልነገረኝም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ትርንጎ፣ አሥር ዓመት አብራት በአንድ የመዘምራን ቡድን የዘመረችው ጎረቤቷ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «እኔ ምንም አልልም» አለች። ትርንጎ ምንም አልልም ካለች ብዙ ብላለች ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነበር። ዓለሙ ኦክላንድ መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቆራጭ ነው፤ ሥራ የሚገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከግንቦት ወዲህ ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይነሳል። ስልኩን ከነረጅም ገመዱ እየጎተተ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ በሩንም ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ይዘጋል። ከዚያ ያወራል። ይስቃል ደግሞ። ያ ሳቅ ሙሉመቤት ወጣት ሳሉ የምታውቀው፣ ከሆዱ የሚወጣ ሳቅ ነው፤ ለዓመታት አልሰማችውም ነበር።

አንድ ቀን በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አደመጠች።

«እናትየዋ ጎጆ አስወጥታታለች፤ አሁን ብቻዋን ናት» ይላል ዓለሙ። «ትንሽ ናት ብሎ ሁሉም ይጥላታል። ጥፋቷ እኮ አይደለም። እኛ አንጥላትም፤ አይዞሽ፣ ታገሺ።»

ሙሉመቤት የሰማችውን ይዛ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ልጅቱ፣ እናትየዋ፣ እኛ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዓለሙ እሷን ሳያገባ በፊት ካርቱም ሁለት ዓመት ኖሯል። ሁለት ዓመት ደግሞ ልጅ ለመውለድ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ጠይቃው ብትሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እሷ ግን ጠይቃ ከምትዋረድ ሳትጠይቅ ብትቃጠል የምትመርጥ ሴት ናት። አምስት ወር ሙሉ ተቃጠለች።

አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው ልጅቱን ነው። አባቷ ሞቶ መቼም አትቀርም። ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጃገረድ በበሩ በገባች ቁጥር ሙሉመቤት እንባዋን ጠርጋ አፍንጫዋን ታያለች፤ የዓለሙ አፍንጫ ከሩቅ የሚታወቅ ነው። አንዲቱ በተለይ ቁርጥ እሱን መሰለቻት። እቅፍ አድርጋ ይዛ አልለቅ ስትላት ሰዉ እንዴት ያለ ሐዘን ነው አለ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ኮንኮርድ ያሉት የአቶ ተክለጻድቅ ልጅ ነኝ፤ አይ አም ሶ ሶሪ እትዬ።»

ለቀቀቻት። አቶ ተክለጻድቅም ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ከዓለሙ ይበልጣል።

«አንዳንድ ወንድ ሲሞት ነው ሙሉ ቤተሰቡ የሚታወቀው» አለች ትርንጎ፣ ለማንም ሳይሆን ለሻይ ብርጭቆዋ።

በሦስተኛው ቀን ሶፍያ እንደገና መጣች። እንደ እንግዳ አልተቀመጠችም፤ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ሙሉመቤት ይሄን መታገሥ አልቻለችም። ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሳም ቢሏትም ተነሳች፤ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ልጅቱ የት ናት?»

«የቷ ልጅ እትዬ?»

«አትቀልጂብኝ። ጎጆ የወጣችው። ሁሉም የጣላት። ጠዋት ጠዋት የምታወሩላት!»

የሶፍያ ዓይን ፈጠጠ። «እርስዎም ስለ ልጅቱ ያውቃሉ እንዴ? ጋሼ እርስዎ እንዳይሰሙ ብለው ሲጠነቀቁ...»

ሙሉመቤት የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። እንግዲያው እውነት ነው። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«ዓመት? ገና አምስት ወሯ እኮ ነው።»

«የአምስት ወር ልጅ ናት ጎጆ የወጣችው?»

ሶፍያ ብርጭቆውን አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ሙሉመቤትን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየች። ከዚያ በሳሙና እጇ አፏን ያዘች፤ ግን አመለጣት። በለቅሶ ቤት፣ ያውም በባለቤቲቱ ፊት፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

«እትዬ በሞቴ! ልጅቱ እኮ ኩባንያ ናት!»

«ምን?»

«የምሠራበት ኩባንያ ናት። ግንቦት ላይ ትልቁ ድርጅታችን ለሁለት ተከፈለ፤ የኛን ክፍል ለብቻ አወጣው። ስፒን ኦፍ ይሉታል። ጋሼ ግን 'ጎጆ ወጣች በይ፣ አማርኛ እያለሽ' ነው የሚሉኝ። ትልቁ ድርጅት እናትየዋ፣ የኛዋ ልጅቱ።»

ከዚያ እየተንተባተበች አስረዳቻት። ኦክላንድ ለስብሰባ መጥታ መኪና ስታቆም ዓለሙ ባጇን አይቶ «መሥሪያ ቤትሽ ሊከፈል ነው አይደል?» ብሎ ጠየቃት። እሷ አታውቅም፤ ቲኬት ቆራጩ ያውቃል። የእናትየዋ አክሲዮን የነበረው ሰው ሁሉ የልጅቱን በነፃ አገኘ፤ ለሠራተኞቹም ደረሳቸው።

«በነፃ የመጣ ነገር ማን ይወደዋል? የሰው ብር ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙት ትልልቆቹ ፈንዶች ትንሽ ናት፣ ለኛ አትሆንም ብለው እየሸጡ ጣሏት። ከአሥራ አራት ዶላር ስምንት ገባች። እኔም ፓኒክ አድርጌ ልሸጥ ስል ጋሼ 'ቆይ! የጣሏት ክፉ ሆና ሳይሆን ትንሽ ስለሆነች ነው። ጥለው እስኪጨርሱ ጠብቂ፤ ሲጨርሱ ጨምሪ' አሉኝ። ጁላይ ላይ ጨመርኩ። አሁን ሃያ አንድ ዶላር ናት። ጠዋት የሚደውሉልኝ የአክሲዮን ገበያው በኛ ሰዓት አቆጣጠር አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስለሚከፈት ነው።»

«እሱስ ስንት ገዛ?» አለች ሙሉመቤት። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ? አንድም። በስሜ ልግዛልዎት ብላቸው ተቆጡኝ። 'ለሙሉዬ ምያለሁ፤ በእጄ አልነካም። ማውራት ግን አልማልኩም' አሉ።»

እውነት ነው፤ ያስማለችው እሷ ነበረች። በፈረንጆቹ 1987 ጥቅምት የአክሲዮን ገበያው በአንድ ቀን ሲናድ፣ ዩኒየን ሲቲ ቤት ሊገዙበት አጠራቅመው ዓለሙ አክሲዮን የገዛበት ብር አብሮ ተናደ። እሷ በአዛውንቶች መጦሪያ ሽማግሌ እያገላበጠች፣ እሱ የመኪና ጭስ እየማገ ያጠራቀሙት ነው። ፓስተሩን ጠርታ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዛ፣ «ሁለተኛ አክሲዮን የሚባል ነገር አልነካም» አስባለችው። ፓስተሩም ቁማር ነው አለ። ከዚያ በኋላ ዓለሙ ሰው መኪና ውስጥ የተወውን የገበያ ጋዜጣ ይዞ ሲገባ ካየች «ጀመረህ ደግሞ?» ትለዋለች፤ እሱም ያጥፈዋል። እያጠፈ እያጠፈ ወሬውንም አጠፈው። ቤት ውስጥ የቀረላቸው ጨዋታ ስለ ዝናቡና ስለ አንድ ልጃቸው ስለ ሊያ ፈተና ብቻ ሆነ።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሰምታ እፎይ ትል ነበር። ዲቃላ የለ፣ ውሽማ የለ፤ ባሏ እስኪሞት መሐላውን ጠብቋል። ሙሉመቤት ግን እፎይ አላለችም። ቅናቱ እንደውም አሁን ነው የባሰባት። ውሽማ ብትሆን ትሰደባለች፣ ትረገማለች፤ ለዚያ ስም አለው። ሳቁን የወሰደች ሴት ምን ተብላ ትሰደባለች? ያውም አልሰረቀችም። ሙሉመቤት ራሷ ከቤት አባርራው ነው ሶፍያ ሜዳ ላይ ያገኘችው።

ሶፍያ እጇን በልብሷ ጠረገች። «የሞቱ ዕለት ሲደውሉ ሻወር ውስጥ ነበርኩ፤ አላነሳሁም። የስልኬ መልእክት መቅጃ ማሽን ላይ ድምፃቸው አለ እትዬ። ቢሰሙት...»

«አምጪው» አለች ሙሉመቤት። እባክሽ አላለችም።

በማግስቱ ሶፍያ ካሴቱን በመሀረብ ጠቅልላ አመጣችው። ሊያ ቴፕ ሪከርደሯን ከመኝታ ቤቷ አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሰካችው። ሳሎን ውስጥ ትርንጎ መዝሙር ታወጣለች፤ ሰዉ ይቀበላል። ሊያ አዝራሩን ተጫነች።

«አንቺ እንቅልፋም! ተነሺ እንጂ፣ ሊከፈት ነው!» አለ ዓለሙ።

ሊያ «ዳዲ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። እንዲህ ያለውን ዓለሙን እሷ ጨርሶ አታውቀውም ነበር።

«ስሚኝ፤ ልጅቱን ዛሬ እንዳትሰጪ። ያኔ የጣሏት ሁሉ አሁን ቆንጆ ናት ብለው ሽማግሌ መላክ ጀምረዋል። ይላኩ! ደጅ ይጥኑ! ሲሻሙባት ያኔ ትድሪያታለሽ፤ እስከዚያ ዝም በይ።» ሳቀ። ያንን ሳቅ ሳቀ። ሙሉመቤት ጥርሷን ነክሳ ሰማችው፤ እያንዳንዷን ሳቅ ከሶፍያ ጆሮ ነጥቃ ብትወስድ ደስ ባላት።

ከዚያ ስልኩ ከአፉ ራቅ ሲል ተሰማ።

«ሙሉዬ! ነቅተሻል እንዴ? ሻይ ላፍላልሽ?»

ካሴቱ ባዶውን ሽሽሽ አለ።

«ሙሉዬ!»

ዓለሙ ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተኝታለች። በቃ ቻው» አለ። ቀጭ አለ፤ ተዘጋ።

«ተኝተው ነበር» አለች ሶፍያ፣ ለማጽናናት ብላ። «ምን ያድርጉ፣ አልሰሙም።»

ሙሉመቤት ሰምታለች። ያን ጠዋት ዓይኗ እንደ ፈጠጠ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ መጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ጥሪ ሰምታለች። ከዚያች ጋር ሲስቅ ቆይቶ አሁን እኔን ሻይ ይለኛል አለች በልቧ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችው። እሱ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ለብሶ ወጣ። አራት ሰዓት ላይ ከመኪና ማቆሚያው ተደወለ፤ ልቡ ቀጥ ብላ ነበር።

«ሁለታችሁም ውጡ» አለች።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬይ?»

«ውጪ ሊያ። አንቺም።»

ሶፍያ ካሴቱን አየት አድርጋ፣ የሊያን ትከሻ ይዛ ወጣች። ሙሉመቤት በሩን ዘጋች። ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰችና ስለ ልጅቱ የተወራውን፣ ሳቁንም ሳይቀር፣ አሳለፈችው። ከዚያ ጣቷን አዝራሩ ላይ እንዳሳረፈች ቆማ ጠበቀች።

«ሙሉዬ! ነቅተሻል እንዴ? ሻይ ላፍላልሽ?»

ጆሮዋን ወደ ቴፑ አስጠጋች።

«ሙሉዬ!»

«አቤት» አለች ሙሉመቤት፤ ዓለሙ «ተኝታለች» ሳይል ቴፑን አጠፋችው።