ለስደተኛ ምን አነሰው

ካምዎክያ በሚባለው ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ሃፍሳን የማያውቅ አልነበረም። አባቷ ነጋዴ መሆኑን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ሱቁ በኮሮናው ጊዜ መዘጋቱን፣ አባቷ አሁን በሰው ሱቅ ተቀጥሮ እንደሚሸጥ ግን ተናግራ አታውቅም። ስደተኛ የሚለው ቃል ሲነሳማ አጎንብሳ ጫማዋን ማሰር ትጀምራለች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ሲከፈት መምህሯ ተማሪዎቹን ችግኝ አስፈላቻቸው። በሰፈሩ ላሉ ስደተኛ ቤተሰቦች የጓሮ አትክልት እንዲሆን ነው፤ ጓሮ የሌለው ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልቶ ይተክላል። ሱኩማ የሚሉትን ጎመን በተቆረጠ ጀሪካን ዘሩ። የሃፍሳ ችግኝ ከሁሉም አማረ። በዚህስ አትታማም፤ ሌሎቹ ሳይመጡ ደርሳ ታጠጣ ነበር። ለማን እንደሚሰጥ ግን ቤቷ ትንፍሽ አላለችም።

ችግኙ በሰፈሩ አዳራሽ በሚታደልበት ቀን ሃፍሳና ጓደኛዋ ናሉጎ ቀደም ብለው ሄዱና ደህና ደህናዎቹን መርጠው ከአዳራሹ ጀርባ ደበቁ፤ ለየቤታቸው ሊወስዱ ነው። ለመታደል የቀሩት አንገታቸው የቀጠነ፣ ቅጠላቸው ቢጫ የሆነ ነበሩ። ናሉጎ ቅር አላትና እነዚህ ይጸድቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ለስደተኛ ምን አነሰው?» አለች ሃፍሳ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሰዎቹ ተሰለፉ። ሃፍሳ ቀና ሳትል ማደል ጀመረች፤ የሰው ፊት ማየት አልፈለገችም። እጅ እያየች ስትሰጥ፣ ስትሰጥ፣ ጫፉ የተጣፈ አረንጓዴ ሂጃብ ፊቷ ቆመ። የተጣፈበትን እራፊ ታውቀዋለች፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባችው ራሷ ናት። ቀና አለች። እናቷ ኩልሱም ነበረች።

ሃፍሳ ክው አለች። እናቷ ለችግኙ መመዝገቧን ለልጆቿ አልነገረቻቸውም ነበር፤ ልጇን እዚህ አገኛለሁ ብላም አላሰበችም። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። የገዛ ልጅ ፊት እሳት ሲሆን ምን እንደሚባል የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ናሉጎ አጠገቧ ናት፤ መምህሯም ፈገግ ብላ ታያለች። «እማዬ» ብትል ይበቃ ነበር። ሃፍሳ ቃሉን ዋጠችና ቢጫዎቹን ችግኞች ዘረጋች።

ኩልሱም የልጇን ፊት አየች፤ ናሉጎንም አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ወባሌ፣ ኛቦ» አለቻት።

አመሰግናለሁ እሜቴ ማለት ነው። ሱቁ ሳለ ለደንበኛ ትለው የነበረ ነው፤ ከአገሩ ቋንቋ ከሉጋንዳ የምታውቀውም ከዚያ ብዙ አያልፍም። ልጇን እሜቴ ብላ ችግኟን አቅፋ ወጣች። ናሉጎ ሴትዮዋ ያገርሽ ሰው ትመስላለች፣ ታውቂያታለሽ ወይ አለች። ሃፍሳ አላውቃትም አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰዉ ሲበተን የደበቀቻቸውን አንስታ ወደ ቤት ሮጠች፤ ሀፍረቱም አብሯት ሮጠ። ስትደርስ እናቷ አፈር የሞላችበት ጆንያ አጠገብ ተንበርክካ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ ትተክላለች። ሃፍሳ ደህናዎቹን አጠገቧ አስቀመጠች፤ መርጣ መደበቋን፣ ለስደተኛ ምን አነሰው ማለቷን ሳይቀር እያለቀሰች ተናገረች። ኩልሱም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እማዬ፣ ለምን ኛቦ አልሽኝ?»

ኩልሱም እጇን ከአፈሩ ሳታወጣ ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ ብልሽ አቤት ትይኝ ነበር?»

መልስ ሳትጠብቅ የውሃውን ጣሳ አነሳችና መጀመሪያ ቢጫዎቹን አጠጣች።