የሁለት ሰው መኝታ

የመጨረሻው ወንበር አልነቀል ብሎ ሌዊን ሲያለፋው ቆየ። ብሎኑ ዝጓል። ዘይት አፈሰሰበት፤ ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው ቋ አለና ለቀቀ። ወንበሩን ከአሮጌው ዶልፊን ሚኒባስ ጎትቶ አወጣና ግቢው ሣር ላይ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠው።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!» አሉ አባቱ አቶ ወልደጻድቅ፣ ከበረንዳው ሆነው ወለሉን በከዘራቸው እየመቱ።

አበራሽ ኩሽናው በር ላይ እንደቆመች ቀረች። የኔ አንበሳ! እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን የምታጥበው፣ መድኃኒት የምትሰጠው፣ ለምሳ ከመሥሪያ ቤቷ ሮጣ መጥታ ሮጣ የምትመለሰው እሷ ናት። አንድ ቀን «ጎሽ» ተብላ አታውቅም። ሌዊ ግን ብሎን ፈታ።

ታናሽ ወንድሟ ሌዊ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አሰላ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፤ ሲመጣ ብርቱካን ያመጣል፣ ሲሄድ አባታቸው ለቀናት በር በሩን ሲያዩ ይሰነብታሉ። ዘንድሮ ይህን ሚኒባስ ይዞ ከተፍ አለ። የኋላውን ባዶ አድርጎ አልጋ ይሠራበታል፤ አባቱን ወስዶ ከበቆጂ ማዶ፣ ገለማ ተራራ ሥር አብሯቸው ያድራል።

አቶ ወልደጻድቅ በጉልምስናቸው የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። በፈረስ ተራራውን እየወጡ፣ ከከብት አርቢዎቹ ደጅ ድንኳን ተክለው ይሰነብቱ ነበር። ያንን ወግ አበራሽ ስንቴ ሰምታዋለች! ገና ሲጀምሩት «ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አባባ» ትላቸዋለች። ሌዊ አንድ ጊዜ በስልክ ሰማውና መኪና ይዞ መጣ።

ረፋዱ ላይ ኮምፖርሳቶው በእንጨት ርብራቡ ላይ ተመታ፤ ስፖንጅ ፍራሹም ተነጠፈበት።

«ና እስቲ ተኛበትና ልይህ» አለ ሌዊ።

አንተ! እሷ ጸጉሯ ሸብቶ እንኳ «እርስዎ» የምትላቸውን ሰው! አባቷ ግን አልተቆጡም። ተደግፈው ገቡ፤ ጋደም ብለው እግራቸውን እንደ ሕፃን እያወራጩ ሳቁ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ እንዳላቸው አበራሽ አታውቅም ነበር።

«ለሁለት ሰው ልክክ ይላል!» አለ ሌዊ።

«እኔስ?» ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሐኪሙ ብርድ ከልክሏቸዋል።»

ሌዊ ቀና አለ። «መቼ?»

«ባለፈው የወሰድኳቸው ጊዜ፣ ለሳንባቸው ብሎ። ውጭ ማደር የሚባል ነገር እንዳይታሰብ ነው ያለው። የዚያን አገር ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ውሸቷን ነው። ሐኪሙ ያለው «ደህና ናቸው፤ ወጣ ወጣ ይበሉ» ነበር። ይህን ሲል አባቷ እዚያው አጠገቧ እንደነበሩ ያስታወሰችው ግን ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው።

«እውነት ነው?» አለ ሌዊ ወደ አባቱ ዞሮ።

አቶ ወልደጻድቅ ከተጋደሙበት ቀስ ብለው ተነሡ። ሌዊን አላዩትም፤ ያዩት አበራሽን ነው፤ አስተውለው። ቁጣቸውን ጠበቀች።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ብሏል። የደበቅኩህ እኔ ነኝ። ወንበሮቹን መልሳቸው፣ ልጄ።»

ከዘራቸውን ተቀብለው ወረዱ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ደመና የሸፈነውን የጭላሎ ተራራ ማየት ያዙ። ሌዊ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ።

አበራሽ ኩሽና ገባች። ድስቱን ከፈተች፤ መልሳ ከደነችው። ቢያጋልጧት ኖሮ ትችለው ነበር፤ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ የዓመታት ልፋቷን ትዘረዝራለች። ውሸቷን ተሸክመውላት መቀመጣቸውን ግን ምን እንደምታደርገው አጣች።

ተመልሳ ወጣች።

«ተወው፣ አትጠቅልለው። ሐኪሙ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ምነው፣ እትዬ? ለምን?»

«ቀናሁ።»

ሌዊ የታቀፈውን ፍራሽ መልሶ ዘረጋው። «እንግዲያ አንቺም ነይ» አለ በለሆሳስ። «አንድ ወንበር እመልሳለሁ፤ እኔ እሱ ላይ አድራለሁ።»

«አይሆንም። ከመጣሁ አንተን ስቆጣጠር ነው የማነጋው። ይልቅ ስማኝ፤ ሌሊት ያስላቸዋል፣ ትራሱን ከፍ አድርግላቸው። እግራቸው ቶሎ ይበርደዋል። ውኃ ሲጠጡ አታጣድፋቸው…» ይህን ስትናገር የራሷ የምትለውን ሁሉ አንድ በአንድ የምታስረክብ መሰላት።

የድስቱን ምሳ እንዳለ በሳህን አድርጋ ቋጠረችላቸው፤ ጋቢም ደረበች። አባቷ ሊሳፈሩ ሲሉ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆሙ።

መኪናው በበቆጂ መንገድ ከታጠፈ በኋላ ቤት ገባች፤ የምትሠራው አጥታ ከወዲያ ወዲህ አለች። የተስተካከለውን አልጋ አስተካከለች። ስልኩ ሲጮህ ደንግጣ አነሣችው።

«ሳጉሬን አለፍን!» ነፋስ የአባቷን ድምፅ ይቆራርጠዋል። «ይሄ ልጅ መንገዱን የት ያውቀዋል፣ እኔ ነኝ የምመራው!»

«እሰይ፣ አባባ።»

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አበራሽ፣ አንቺስ ምሳሽን በልተሻል?»

እስከ ዛሬ ይህን የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፋት።

«አበራሽ? የለሽም እንዴ?»

«አለሁ፣ አባባ» አለች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ። «አለሁ።»