የቦቢ መንጋጋ

ጋሽ ሰይዶ ውሻቸውን ቦቢን በባጃጅ ጭነው ቡታጅራ የከብት ሕክምና ሲደርሱ፣ በሬና በግ ይዞ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀባቸው። «ውሻም ይታከም ጀመር? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለ አንዱ። ይሳቅ! ሚስታቸው ሃሊማ ከሞተች፣ ልጆቹም አዲስ አበባ ከቀሩ ወዲህ፣ በዚያ ግቢ «መጡ?» የሚላቸው ይኸው ውሻ ብቻ ነበር፤ ያውም በጅራቱ።

ጉዱን ያመጣው አፉ ነው። በእስልምናቸው ደንብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር፣ ካልታጠበ አይነጻም፤ ስለዚህ ጋሽ ሰይዶ የቦቢን አፍ አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አያውቁም። መብላት ሲያቅተው አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብለው ተዉት። ሐኪሟ ዶክተር ምሥራቅ ከንፈሩን ገልጣ ስታሳያቸው ግን፣ ከታችኛው ጥርሱ ሥር የልጅ ጡጫ የሚያህል እጢ በቅሏል።

«አባባ፣ መንጋጋውን ከነእጢው መቁረጥ አለብኝ» አለቻቸው። «ቀዶ ጥገናውን ይችለዋል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ራሱ ከሳህን መብላት እስኪለምድ ለስላሳ ነገር ካልጎረሰ በረሃብ ይሞታል። ማን ያጎርሰዋል?»

ጋሽ ሰይዶ ዞር ዞር ብለው አዩ። ማን አለና!

«እኔው ነኛ» አሉ።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ቦቢ ግማሽ የታችኛው መንጋጋው ቀርቶ፣ ምላሱን በጎን አንጠልጥሎ ቤቱ ገባ። ጋሽ ሰይዶ የቡላ ገንፎ አገነፉለት። እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቢያቀርቡለት፣ ሲንኮሻኮሽበት ደንግጦ ፊቱን አዞረ። በማንኪያ ቢሞክሩ ስፌቱን ነካውና እያላዘነ ሸሸ። በማግስቱም እንዲሁ። ጎረቤታቸው አብዱልሃፊዝ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ኧረ ይተዉት! በዚህ ዕድሜዎ ከውሻ ምራቅ ጋር? ሌላ ቡችላ አመጣልዎታለሁ» አላቸውና፣ ልጆች ወደሚንጫጩበት ቤቱ ገባ።

ቦቢ ዐይኑን መክደን ጀመረ። ጋሽ ሰይዶ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«አንተም ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው?» አሉና ፌስታሉን ወረወሩት። ባዶ እጃቸውን ገንፎው ውስጥ ነክረው ወደ አፉ ጥግ ሰደዱት።

ዋጠ። ደገሙለት፤ ዋጠ። ሲጠግብ መዳፋቸውን፣ ከዚያም ጣታቸውን እያንዳንዱን ይልስ ጀመር።

አዛን ተባለ። ከሶላት በፊት ምራቁን የሚያጥቡበት ውሃና አፈር ደጃፍ ላይ ተዘጋጅቷል። ጋሽ ሰይዶ ልነሣ አሉና እጃቸውን አዩ። ሃሊማ ከሞተች ወዲህ ያንን እጅ ከሰላምታ በቀር የነካው ፍጥረት አልነበረም። «አላህ ይቅር ይበለኝ፤ መታጠቡ ትንሽ ይቆይ» አሉና፣ የረጠበውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በራሱ እስኪደርቅ ተቀመጡ።